ብሌድ ራነር፦ ከመልኩ ሌላ ምን አለው?

ሄኖክ፦ ሰው ሁሉ የሚያመልከውን ፊልም ልነካ ነው። የሪድሊ ስኮት «ብሌድ ራነር» መልኩ ያምራል፣ ታሪኩ ግን ቀጭን ነው። ዴካርድ ያመለጡ ሬፕሊካንቶችን፣ ማለትም ሰው ሠራሽ ሰዎችን፣ አድኖ ይግደል ተባለ። እሱም ቢሆን አልተሳካለትም። ከእነሱ አንዱን፣ ሊዮንን፣ የገደለችው ሬቸል ናት፤ ዴካርድ የሚወዳት፣ እሷም ሬፕሊካንት የሆነች ሴት። መሪያቸው ሮይ የተወሰነለት ዕድሜ አልቆ ሞተ። ጀግናችን የገደለው ሁለት ሴቶችን ብቻ ነው፤ አንዷንም ከጀርባዋ።

ሰላም፦ ነጥቡ እኮ እሱ ነው! ያቺ ከጀርባዋ የተመታችው ዞራ ስትሞት ልብ ብለህ እያት። ተመታ እየሮጠች መስታወቱን በላይ በላዩ እየሰበረች ትወድቃለች። ሙዚቃው ለእሷ ነው የሚያዝነው። ፊልሙ ገዳዩን «ጎሽ» አይለውም። አንተ ጀግና ፈልገህ ገባህ፣ እሱ ደግሞ የለኝም አለህ።

ሄኖክ፦ ይሁን። ግን ያንቀላፋል።

ዳዊት፦ ቆይ፣ የትኛውን ቅጂ ነው ያያችሁት? በ1982 ሲኒማ የገባው ላይ ዴካርድን የሚጫወተው ሃሪሰን ፎርድ በተሰላቸ ድምፅ ይተርካል። መጨረሻው ላይ ደግሞ ድንገት ተራራና ጫካ! ምስሉ ከኩብሪክ ፊልም ከ«ዘ ሻይኒንግ» የተረፈ ነው፣ በነገራችን ላይ። የ1992ቱ ትረካውንም ተራራውንም አውጥቶ የዩኒኮርኑን፣ የባለ አንድ ቀንዱን ፈረስ፣ ሕልም አስገባ። በ2007ቱ ስኮት የልቡን አደረሰ።

ሰላም፦ እኔ የ2007ቱን ነው የምለው። ሮይ ጣሪያው ላይ ሲሞት ያንቀላፋ ሰው ካለ ይንገረኝ። ሮይን የሚጫወተው ሩትገር ሃወር የተጻፈለትን ንግግር ራሱ አሳጥሮ ነው ስለ ዝናብና እንባ ያለውን የጨመረው።

ማህሌት፦ ሁላችሁም አንድ ነገር ዘላችኋል። ሬቸል ልትወጣ ስትል ዴካርድ በሩን ዘግቶ መስኮቱ ላይ ይገፋታል። «ሳመኝ በይ» ይላታል፣ ትላለች። ይሄን የትኛውም ቅጂ አላስተካከለውም።

ሰላም፦ እዚህ ላይ አልሟገትሽም። ሆን ተብሎ ነው የሚሉ ግን አሉ፤ እሷም እንደ ሌሎቹ ታዛዥ እንድትሆን ተሠርታለች ለማለት።

ማህሌት፦ እንደዚያ ከሆነ ሳክስፎኑ ምን ያባብለናል? ለዞራ ያለቀሰው የአቀናባሪው የቫንጌሊስ ሙዚቃ እዚህ ሲደርስ ፍቅር ነው ይለናል። ፊልሙ ራሱ አልታየውም።

ሄኖክ፦ ቀጭን ያልኩት ይሄንን ጭምር ነው። ለፊልሙ ከተማ መልክ የተደከመውን ሩቡን ለሬቸል ቢደክሙላት ኖሮ እኔም ዝም እል ነበር።