የሐይቁ መሬት ግዢ፦ ስለ ግድቡ የጋራ ሐሳባችን

ጸሐፊ፦ ወገኖች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። አትላንታ አቅራቢያ ስላየነው መሬት ለጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበውን ሐሳብ እዚሁ እንጨርስ። ትንሿን ሐይቅ የያዘው የአፈር ግድብ የሻጩ የግል ንብረት ነው፤ ከገዛን የኛ ይሆናል። ረቂቁ እንዲህ ይላል፦ «መሬቱ ይገዛ። ሐይቁ ለመዋኛና ለዓሣ ማጥመጃ ይዋል። ግድቡ በሁለተኛው ዓመት ይታደስ።»

መሐንዲሱ አባል፦ በመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር አልስማማም። መጀመሪያ ግድቡ ይመርመር። እዚሁ ጆርጂያ፣ ቶኮዋ ፎልስ የደረሰውን አስታውሱ። የኬሊ ባርንስ ግድብ የአንድ መንፈሳዊ ኮሌጅ ንብረት ነበር። ድሮ ኤሌክትሪክ ያመነጭ ነበር፤ በኋላ ሐይቁ ለመዝናኛ ብቻ ቀረ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 6 ቀን 1977 ሌሊት፣ ከከባድ ዝናብ በኋላ ተደረመሰ። ከታች ተኝተው ከነበሩት 39 ሰዎች ሞቱ። ቁመቱ 12 ሜትር ገደማ ነበር፣ ከዚያ አይበልጥም። የጀርባው ተዳፋት (ከሐይቁ በተቃራኒ ያለው ጎን) ቀደም ብሎ መናዱን በ1973 የተነሳ ፎቶ ያሳያል። ምልክቱ እዚያው ነበር! የጆርጂያ የግድብ ደኅንነት ሕግ የወጣው በማግስቱ ዓመት ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ወንድሜ፣ የኛ እኮ ከዚያ ያንሳል። አባላት ያዋጡት ለመሬት ነው፤ ምርመራ ደግሞ ብር ይፈልጋል።

መሐንዲሱ አባል፦ ጋሼ፣ ገባኝ። ግን ሕጉ ምድብ 1 የሚለው ያረጀውን ግድብ አይደለም። ቢፈርስ ሰው ሊሞት የሚችልበትን ነው። ጠንካራ ግድብም ከሥሩ ቤት ካለ እዚያው ምድብ ይገባል። ከወንዙ ግርጌ አዲስ ቤቶች ሲሠሩ ሁላችንም አይተናል። ምድቡ ከፍ ካለ የውሃ ማስተንፈሻው፣ ማለትም ትርፍ ውሃ የሚወጣበት መንገድ፣ ትልቅ ጎርፍ እንዲያሳልፍ ይጠየቃል፤ ወጪው የባለቤቱ ነው። ከግዢው በፊት ብናውቀው ለኪሳችንም ይበጃል።

ከሴቶች ክፍል፦ ግድቡ ላይ ያሉትን ዛፎች ለጥላ ይሁኑ ብለናል። ደግሞም ዓሣው እንዳያመልጥ ማስተንፈሻው ላይ መረብ ይደረግ ተብሏል። ምን ትላለህ?

መሐንዲሱ አባል፦ እትዬ፣ ሁለቱም ይቅሩ። የዛፍ ሥር ሲበሰብስ ለውሃ መንገድ ይከፍታል። ትልልቆቹን በዘፈቀደ መቁረጥም አደጋ ነው፤ ባለሙያ ይወስን። መረቡን በተመለከተ፣ ፔንሲልቬንያ ውስጥ የሀብታሞች የዓሣ ማጥመጃ ክለብ የሳውዝ ፎርክን ግድብ ይዞ ነበር። ማስተንፈሻው ላይ የዓሣ መከላከያ አደረጉ፤ የግድቡንም አናት ዝቅ አደረጉት። በ1889 ጎርፍ ሲመጣ መከላከያው ግንድና ቅጠል ያዘ፣ ውሃው በአናቱ ፈሰሰ። ከ2,200 በላይ ሰው አለቀ። እኔን ደግሞ በጣም ያሳሰበኝ የግድቡ እግር ሥር ያለው እርጥብ ቦታ ነው። የሚሰርገው ውሃ ንጹሕ ከሆነ እንከታተለዋለን። ከደፈረሰ ግን አፈሩን እያጠበ እየወሰደ ነው ማለት ነው፤ ያን ቀን አይታደርም፣ ወዲያው መደወል ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ እንዲህ ከሆነ እደግፋለሁ። ሻጩ የምርመራውን ወጪ እንዲጋራ እኔው አነጋግረዋለሁ።

ጸሐፊ፦ የተስተካከለው ይኸው፦ «የግድብ ባለሙያ ግድቡን፣ ማስተንፈሻውንና የውሃ ማውጫ ቧንቧውን መርምሮ በጽሑፍ እስኪያቀርብ ውል አይፈረም። ምድቡ ከጆርጂያ የግድብ ደኅንነት ክፍል ይጠየቅ። ከገዛን የአደጋ ጊዜ ዕቅድ ይዘጋጅ፤ ከታች ያሉ ነዋሪዎች ስልክም ይያዝበት። የዓሣ መረብ አይደረግ።» ተቃውሞ ያለው እስከ እሑድ ይጻፍ።