ሳዛጋ የሚንቋቋ መንጋጋ፦ ወጌሻ፣ የጥርስ ሐኪም ወይስ ካይሮፕራክተር?

የቱሉ ዲምቱ ነዋሪ፦
ጤና ይስጥልኝ። ከቀኝ ጆሮዬ ፊት ያለው የመንጋጋ መጋጠሚያ ሳዛጋ መንቋቋት ከጀመረ ሁለት ወር ሊሞላው ነው፤ አሁን አሁን እንጀራ እንኳ ሳኝክ እስከ ጆሮ ግንዴ ድረስ ያመኛል። ጆሮዬን የመረመሩት ሐኪም ጤነኛ መሆኑን ነግረውኛል። እናቴ ወጌሻ ዘንድ እንድሄድ ትጎተጉተኛለች፤ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ካይሮፕራክተር (አከርካሪንና መጋጠሚያን በእጅ የሚያክም ባለሙያ) አንገትንና መንጋጋን በእጁ አስተካክሎ እንደሚያሽር ይምልልኛል። ከዚህ ከከተማው ዳር መሀል ከተማ ደርሶ መመለስ ግማሽ ቀን ስለሚፈጅብኝ፣ ከመነሳቴ በፊት የምታውቁ ብታስረዱኝ።

ገላን ያለሁ ፊዚዮቴራፒስት፦
ወንድሜ፣ በታችኛው መንጋጋ ጫፍና በራስ ቅል አጥንት መካከል እንደ ትራስ የምታገለግል ቀጭን ዲስክ አለች፤ ብዙውን ጊዜ ድምፁ የሚሰማው ይህች ዲስክ ከቦታዋ ሸርተት ብላ ቆይታ፣ አፍ ሲከፈት ስትመለስ ነው። ሕመም የሌለበት ድምፅ ብቻውን ሕክምና አያስፈልገውም። የእርስዎ ግን ሲያኝኩ የሚያም በመሆኑ፣ በተለይም ሌሊት ጥርስዎን የሚያፋጩ ከሆነ፣ የማኘኪያ ጡንቻዎችም ሳይወጠሩ አልቀሩም።

ካይሮፕራክተር ጓንት አድርጎ የተወጠረውን ጡንቻ ከአፍ ውስጥ ይጫናል፣ መንጋጋውን በዝግታ ያንቀሳቅሳል፣ የአንገትን አያያዝም ያያል። በ2023 እ.ኤ.አ. በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣው መመሪያ ለቆየ የመንጋጋ ሕመም ከመከራቸው ሕክምናዎች መካከል እንዲህ ያለው የእጅ ሕክምናና በባለሙያ ክትትል የሚሠራ የመንጋጋ እንቅስቃሴ ይገኙበታል። ይህንኑ ፊዚዮቴራፒስትም ይሠራዋል (ለሙያዬ እንዳደላሁ ይታወቅልኝ)። አንገትን በድንገት ጠምዝዞ ማስጮህን ግን አልመክርም፤ ከስንት አንዴ ቢሆንም፣ ደም ወደ አንጎል የሚወስደው የአንገት ሥር ተሰንጥቆ ስትሮክ የተከተለባቸው ሰዎች አሉ። ወጌሻውም በኃይል ስቦ ሊመልሰው ከሞከረ መጋጠሚያውን ሊጎዳው ይችላል።

እስቲ ሦስት ጣቶችዎን ደርድረው በላይኛውና በታችኛው የፊት ጥርሶችዎ መካከል ያስገቡ፤ ይገባሉ?

የለገጣፎዋ እናት፦
እኔ እንኳ የተሻለኝ ቆሎ በመተው ነው። ቡና በተፈላ ቁጥር ስቆረጥም ኖሬ መንጋጋዬ ሲያዝብኝ፣ ለሦስት ሳምንት ገንፎና ሽሮ ፍትፍት ብቻ በላሁ፣ በሞቀ ውሃ የተነከረ ፎጣም ጠዋትና ማታ አደረግሁበት። ሐኪሙ ያስተማሩኝ ነገር ቀላል ይመስላል፣ ግን ለመልመድ ከባድ ነው፦ ከንፈር ተገጥሞ ጥርስ ከጥርስ ሳይነካካ፣ ምላስ ከላይኛው የፊት ጥርስ ኋላ ላንቃ ላይ ይረፍ። ታክሲ ውስጥ አገጬን በእጄ ደግፌ ማንቀላፋቱንም ትቻለሁ።

የቱሉ ዲምቱ ነዋሪ፦
እግዜር ይስጥልኝ። የሚገቡት ሁለት ጣቶች ብቻ ናቸው፤ አፌን ስከፍትም አገጬ ወደ ቀኝ ያጋድላል።

ገላን ያለሁ ፊዚዮቴራፒስት፦
እንግዲያውስ አፍዎ በሚገባ እየተከፈተ ስላልሆነ ካይሮፕራክተሩ ይቆይ፤ አስቀድሞ የጥርስና የመንጋጋ ሐኪም ይይዎት። አፍዎ ተከፍቶ አልዘጋ ካለ፣ ወይም ሕመሙ ከደረት መጨነቅና ከላብ ጋር ከመጣ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።