«እከክ የሰጠ ጥፍር አይነሳም»፦ እከክ፣ ችፌ፣ ሳይቶካይን

ከኮምቦልቻ፦
እንዴት ዋላችሁ። የእህቴ ልጅ የክርኗ መታጠፊያና ቋንጃዋ ቀልቶ ይበላታል። እናቴ «ችፌ ነው» ትላለች፣ ጎረቤት «እከክ ነው»። ሐኪሙ ደግሞ «ኤክዜማ ነው፤ የሳይቶካይን ነገር ነው» አለን። ሦስቱ ስም አንድ ነው? አያቴም ስታክ ባዩዋት ቁጥር «እከክ የሰጠ ጥፍር አይነሳም» ይላሉ። እስቲ አብራሩልኝ።

ከደሴ፦
ችፌና ኤክዜማ አንድ ናቸው። እከክ ሌላ ነው፤ ቆዳ ውስጥ የምትቦረቡር፣ በዓይን የማትለይ ተባይ ታመጣዋለች፣ ከሰው ሰው ይጋባል፣ ቤተሰቡም አብሮ ይታከማል። ችፌ አይጋባም። እኛ ግን የሚያሳክከውን ሁሉ «እከክ» እያልን ልጅ ከጨዋታ እናስገልላለን። ተረቱ «ችግር የሰጠ ፈጣሪ መወጫውን አይከለክልም» ነው፤ ለማጽናኛ ይነገራል፣ ለሽሙጥም አይጠፋም። ለችፌ ግን ጥፍር መወጫ አይሆንም።

ከኮምቦልቻ፦
ለምን?

ከቦሩ ሜዳ፦
ሳይቶካይን የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት የሚላላኩባቸው ጥቃቅን ፕሮቲኖች የጋራ ስም ነው። ኢንተርሉኪን የሚባሉት ከእነዚሁ ናቸው፤ በቁጥር ይጠራሉ። በችፌ ዋነኞቹ 4 እና 13 ናቸው። እነሱ ሲበዙ ቆዳን አጥር አድርጎ የሚያቆየው ፊላግሪን የተባለ ፕሮቲን ይቀንሳል፤ ቆዳው ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ የሚያስቆጣው ሁሉ ይገባበታል። 31 ደግሞ ነርቩን ራሱን ይነካል፤ «በላኝ» የሚያሰኘው አንዱ እሱ ነው። ጥፍር ሲያርፍበት የተጎዳው ቆዳ የአደጋ ጥሪ ይለቃል፣ ጥሪው 4ን እና 13ን መልሶ ያበዛል። ስታክ ይብስባታል፣ ሲብስባት ታካለች። ጥፍሯን አሳጥሩላት፤ ከታጠበችም በኋላ ገላዋ እርጥበቱን ሳይጨርስ ቫዝሊን ቀቧት።

ለአለርጂ የሚሰጠው ኪኒን እምብዛም የማይረዳትም ለዚህ ነው፤ ኪኒኑ የሚከለክለው ሂስታሚንን፣ ማለትም በአለርጂ ጊዜ ሰውነት የሚለቀውን አሳካኪ ንጥረ ነገር ነው፣ የችፌ ማሳከክ ግን በአብዛኛው በሌላ መንገድ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2017 አሜሪካ ውስጥ ለዚህ በሽታ የተፈቀደው ዱፒሉማብ የተባለ መድኃኒት ሕዋሳት ላይ ያለውን የ4ን እና የ13ን መቀበያ ነው የሚዘጋው። አንድ የሚገርም ነገር ልጨምር፤ ከአውሮፓ ታማሚዎች በርካቶቹ የፊላግሪን ጂን ጉድለት ይዘው ይወለዳሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ የኢትዮጵያውያን ታማሚዎች ጥናት ግን ያንን ጉድለት እምብዛም አላገኘም።

ከወልድያ፦
ታዲያ «መልእክተኛ» ብንለውስ? ሳይቶካይን ለአፍ ይከብዳል።

ከደሴ፦
ያምራል፤ ግን ሆርሞንም መልእክተኛ ነው፣ ነርቭም መልእክት ያደርሳል። ለማስረዳት ጊዜ ይሁን፣ ስሙ ግን ሳይቶካይን ይቀመጥ። «ቫይታሚን»ስ መቼ ከበደን?