የታዘዙ መድኃኒቶች ወረቀት እየጠፋብን ነው፤ እናንተ እንዴት ትከታተላላችሁ?

ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ ክሊኒክ እንግዳ ተቀባይና መዝገብ ያዥ ነኝ። ሐኪሙ ማዘዣ ጽፎ ይፈርማል፣ እኔ ለታካሚው እሰጣለሁ ወይም ወደ ፋርማሲ እልካለሁ። ከሁለት ቀን በኋላ ስልክ ይደወላል፦ «ፋርማሲው አልደረሰኝም ይላል።» ካርዱን ሳወጣ «ታዟል» ይላል። ወረቀቱ የት እንደገባ ግን የሚያውቅ የለም። ሐኪሙ እየተነጫነጨ እንደገና ይጽፋል፤ የመጀመሪያው በኋላ ሌላ ታካሚ ፋይል ውስጥ ተጣጥፎ ይገኛል።

የደም ግፊት መድኃኒት ሲሆን ታካሚው ይጉላላል (እሱም ቀላል አይደለም፣ መድኃኒቱ ሊቋረጥበት ይችላል)። እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ሱስ ሊያስይዙ የሚችሉት የሞርፊን (ከባድ ሕመም ማስታገሻ) እና የዲያዜፓም (ማረጋጊያ) ማዘዣ ነው። የተፈረመው ወረቀት ማን እጅ እንዳለ ሳናውቅ ሁለተኛ ስንጽፍ፣ በሁለቱም መድኃኒት ሊወጣ ይችላል።

መዝገብ ጀምሬ ነበር፦ ቀን፣ የካርድ ቁጥር፣ የማዘዣው ተከታታይ ቁጥር፣ ማዘዣውን የወሰደው ሰው ፊርማ። ሰው ሲበዛ ሳልሞላው ይቀራል፤ ጥፋቱ የኔም ነው።

እናንተ ዘንድ ይህን የሚመዘግበው ማነው፣ ሐኪሙ ራሱ ወይስ እንግዳ ተቀባዩ? ቁጥሮቹን በየቀኑ ማታ ታመሳክራላችሁ? የጠፋውን ማዘዣ ቁጥር ለፋርማሲዎች አሳውቆ ያሰረዘስ አለ? እባካችሁ የሠራላችሁን ንገሩኝ።