በድንገት ተጠባባቂ ርዕሰ መምህርት ሆኜ ተመድቤያለሁ፤ ክፍሌን ልያዝ ወይስ ልልቀቅ?

የሂሳብ መምህርት (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ። በጎንደር ከተማ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ላለፉት 11 ዓመታት የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ሂሳብ ሳስተምር ቆይቻለሁ። ከክፍል ኃላፊነትና ከሂሳብ ትምህርት ክፍል ተጠሪነት ያለፈ ሥራ ይዤ አላውቅም፤ ለአመራር ቦታም ተወዳድሬ አላውቅም። ኅዳር ወር አጋማሽ ላይ ርዕሰ መምህራችን ወደ ሌላ ቦታ ተዛወሩ፤ የምክትሉ ቦታ ደግሞ ከመስከረም ጀምሮ ክፍት ነበር። በዚያው ሳምንት ማክሰኞ 4ኛውን ክፍለ ጊዜ ጨርሼ የጠመኔው ብናኝ ከእጄ ሳይራገፍ ጸሐፊዋ አንድ ደብዳቤ አስፈርማ ሰጠችኝ። ከዚያ ዕለት ጀምሮ በተጠባባቂ ርዕሰ መምህርነት መመደቤን ይገልጻል፤ እስከ መቼ እንደምቆይም ሆነ የማስተማር ሰዓቴ ምን እንደሚሆን ግን የሚናገር አንድም መስመር የለውም።

ከደብዳቤው ጋር የተረከብኩት ነገር ቢኖር በአንድ የሽቦ ቀለበት የታሰሩ 14 ቁልፎች ናቸው። ከጥበቃ ሠራተኛችን ጋር ግቢውን እየዞርን የ9ኙን በር ለይተናል፤ የቀሩት 5 የምን እንደሆኑ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። በአንደኛዋ ላይ ቀይ ክር ተጠምጥሞባታል፤ አንድ ሰው እንዳትጠፋበት ምልክት አድርጎባት እንደነበር ይገባኛል፤ ሰውየው ማን እንደነበር ግን የሚነግረኝ የለም። የመጋዘኑ ዕቃ አልተቆጠረም፣ ርክክብም አልተፈጸመም።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ የክፍሌ ጉዳይ ነው። በእጄ ላይ 8ኛ ሀ እና 8ኛ ለ አሉ፤ በድምሩ 119 ተማሪዎች ሲሆኑ፣ በዓመቱ መጨረሻ ክልል አቀፍ ፈተና ይጠብቃቸዋል። በእነዚህ ሦስት ሳምንታት ውስጥ በስልክ እየተጠራሁ ወደ ስብሰባ ስሄድ 7 ክፍለ ጊዜ አምልጦኛል። እኩልታ ጀምሬላቸው በመሐል አቋርጬ የወጣሁበት ቀን ነበር፤ በማግስቱ ስመለስ ሰሌዳው ሳይጠፋ፣ እኔ ያቆምኩበት መስመር ላይ እንዳለ ጠበቀኝ።

ሦስተኛው ነገር ለመጻፍም ይከብደኛል። ከባልደረቦቼ አንዱ እኔን ራሴን 7ኛ ክፍል ሳለሁ ያስተማሩኝ መምህር ናቸው፤ እስከ ዛሬ በአገራችን ወግ «አንቱ» እያልኩ ነው የማነጋግራቸው። በቅርብ ጊዜ 1ኛውን ክፍለ ጊዜ በተደጋጋሚ አርፍደው ይገባሉ። የፊርማ መዝገቡን በቀይ እስክሪብቶ አስምሮ መዝጋት አሁን የእኔ ሥራ ሆኗል። ባለፈው ሐሙስ እስክሪብቶውን ከስማቸው አጠገብ ይዤ ጥቂት ከቆየሁ በኋላ፣ ሳላሰምር መዝገቡን አጠፍኩት። ልክ እንዳልሠራሁ አውቃለሁ፤ ምን ማድረግ እንደነበረብኝ ግን አላውቅም። በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ብትመክሩኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።

ጡረተኛ ርዕሰ መምህር

ልጄ፣ እግዚአብሔር ያበርታሽ። ስለ ክፍሉና ስለ መምህሩ ሌሎች ይመልሱልሽ፤ እኔ የምጽፍልሽ ስለ መጋዘኑ ነው፤ ምክንያቱም ከሦስቱ ጉዳዮችሽ አንድ ቀን እንኳ ማደር የማይገባው እርሱ ነው።

ርክክብ አለመደረጉን ገልጸሽ ቆጣሪ ኮሚቴ እንዲቋቋም ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ በደብዳቤ ጠይቂ፤ ግልባጩንም ለወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት አድርሺ። ከመምህራን፣ ከኅብረቱና ከንብረት ክፍል የተውጣጡ ሰዎች በጋራ ይቁጠሩ። አቆጣጠሩ መዝገብ ይዞ ዕቃ መፈለግ ብቻ እንዳይሆን፤ ዕቃውን አይቶ መዝገቡን መፈለግም ያስፈልጋል። ከበጎ አድራጊዎች መጥተው በሞዴል 19፣ ማለትም በንብረት ገቢ ደረሰኝ፣ ገቢ ያልተደረጉ መጻሕፍትና ወንበሮች በየትምህርት ቤቱ አሉ፤ በሞዴል 22፣ ማለትም በንብረት ወጪ ደረሰኝ፣ ወጪ ሆነው በመምህራን እጅ ለዓመታት የቆዩም አሉ። የተሰበረው እንደ ተሰበረ፣ የጎደለው እንደ ጎደለ በቃለ ጉባኤ ይስፈር። በባንክ ያለው የትምህርት ቤቱ ሒሳብ ፈራሚም በደብዳቤ እስኪለወጥ ድረስ ምንም ዓይነት ክፍያ አታጽድቂ።

ይህን አጥብቄ የምነግርሽ በራሴ ስለ ደረሰ ነው። በ1988 ዓ.ም. ከከተማ ርቆ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ልክ እንዳንቺ በድንገት ስመደብ፣ ከእኔ በፊት የነበሩትን ሰው ቅር ላለማሰኘት ብዬ ሳልቆጥር ፈረምኩ። በዓመቱ መጨረሻ ኦዲተር ሲመጣ 40 ቆርቆሮ ጎደለ። ቆርቆሮው እኔ ከመምጣቴ በፊት ለመምህራን መኖሪያ ቤት ጣሪያ መዋሉን መንደርተኛው ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ጣሪያውም ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ሆኖ ይታይ ነበር። ወጪ የተደረገበት ወረቀት ግን አልነበረም። ከደመወዜ ለ10 ወራት ተቆረጠብኝ፤ የመጀመሪያ ልጄ የተወለደችውም በዚያው ዓመት ነበር።

እነዚያን 5 ቁልፎችም እንደ ማንኛውም ዕቃ አስቆጥሪያቸው።

ርዕሰ መምህርት፣ 6 ዓመት በኃላፊነት

የተከበሩ እህቴ፣ ስለ ክፍሉ የምመልስልዎ ከራሴ ስሕተት ተነሥቼ ነው። እኔ በተመደብኩበት ዓመት ሦስት ክፍሎቼን አለቅም ብዬ ያዝኩ። ተማሪዎቼን እወድ ነበር፤ ደግሞም ኃላፊነቱ ነገ ቢነሣብኝ ሙያዬ እጄ ላይ ይቆየኛል የሚል ሐሳብ ነበረኝ። በመንፈቀ ዓመቱ መጨረሻ ግን ሁለት ምዕራፍ ሳይሸፈን ቀረ፤ የተከታታይ ምዘናውንም ውጤት በመጨረሻው ሳምንት በጥድፊያ ሞላሁት። እወዳቸዋለሁ ያልኳቸውን ተማሪዎች የጎዳኋቸው እኔው ራሴ ነበርኩ።

ስለዚህ ምክሬ አንዱን ክፍል ይልቀቁ፣ አንዱን ይያዙ የሚል ነው። የሚለቁትን ክፍል «እስክመለስ ሸፍኑልኝ» በሚል የቃል አደራ አይስጡ፤ ተረካቢው መምህር በደብዳቤ ይመደብ፣ በክፍለ ጊዜ ድልድሉ ላይም ስሙ ይግባ፣ የደረሱበት ምዕራፍና የውጤት መዝገቡ በጽሑፍ ይተላለፍለት። የሚይዙትን ክፍል ደግሞ ወደ 1ኛው ክፍለ ጊዜ ያምጡት፤ እንደ እኔ ልምድ የስብሰባ ጥሪ የሚበዛው ከረፋዱ ጀምሮ ነው። ሙሉ በሙሉ ከክፍል እንዲወጡ ግን አልመክርዎትም። በትምህርት ቤት መሻሻል መርሃ ግብር ከአራቱ ዐበይት ርዕሰ ጉዳዮች አንዱ መማር ማስተማር እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ለክፍል ምልከታ ገብተው ከኋላ ተቀምጠው ለመምህራን አስተያየት ሲሰጡ፣ በዚያው ጠዋት ጠመኔ ይዘው የቆሙ ሰው መሆንዎን ባልደረቦችዎ ማወቃቸው አስተያየትዎን የሚቀበሉበትን መንፈስ ይለውጠዋል።

የምደባ ደብዳቤው የጊዜ ገደብና የማስተማር ሰዓት እንዲጠቀስበት ታርሞ እንዲሰጥዎም በጽሑፍ ይጠይቁ።

ወጣት መምህር

ይቅርታ ይደረግልኝና፣ በፊርማ መዝገቡ ጉዳይ ላይ ግልጽ ልሁን። በእኛ ትምህርት ቤት ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። ለታላላቆቻችን የተዘለለው ቀይ መስመር፣ 5 ደቂቃ ባረፈድኩ ቀን በእኔ ስም ላይ ተሰምሯል። መቀጣቴ አላስከፋኝም፤ ጥፋቱ የእኔ ነበርና። ያስከፋኝ መዝገቡ ለሁላችንም አንድ አለመሆኑ ነው። መምህሩን ያክብሯቸው፣ ከተቀመጡበትም ይነሡላቸው፤ መስመሩን ግን ያስምሩ። ከማስመርዎ በፊት ብቻቸውን ቢያነጋግሯቸው ደግሞ መልካም ነው።

የተማሪ ወላጅ፣ አዘዞ

እኔ መምህር አይደለሁም፤ ነገር ግን 8ኛ ክፍል የምትማር ልጅ አለችኝ። 1ኛው ክፍለ ጊዜ ያለ መምህር ሲያልፍ ማታ ደብተሯን ስመለከት አውቃለሁ፤ ቀኑ ተጽፎ ከሥሩ ባዶ ነው። የእርስዎም ተማሪዎች ወላጆች እንደ እኔ ያያሉ። ወላጆችን ከጥምቀት በፊት ቢሰበስቡ ይሻላል፤ በጥር መጀመሪያ ከተማችን እንግዳ በመቀበል ስለምትጠመድ የሚመጣልዎ ወላጅ ጥቂት ይሆናል፤ ከበዓሉ በኋላ ደግሞ ፈተና ይደርሳል።

የሂሳብ መምህርት (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከጻፍኩላችሁ ሁለት ሳምንት ሆኖኛል፤ የሆነውን ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ መምህሬን አነጋገርኳቸው። ወደ ቢሮ መጥራት አልሆነልኝም፤ ደወላችን የመኪና ቸርኬ ነው፣ እርሱ ከተሰቀለበት ዛፍ ሥር ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ አብረን ተቀመጥን። መዝገቡን ሳላሰምር ማጠፌን ራሴ ነገርኳቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና ውኃ በፈረቃ የሚለቀቅላቸው በንጋት እንደሆነ፣ ባለቤታቸው ከታመሙ ወዲህ በርሜሉን የሚሞላ ሌላ ሰው ቤት ውስጥ እንደሌለ ነገሩኝ። ለማንም አልተናገሩም ነበር። ቀጥለውም፣ «ልጄ፣ ያረፈድኩበትን አስምሪ፤ ለሚመጣው ግን ክፍለ ጊዜውን ለዋውጪልኝ» አሉኝ። በማግስቱ በሁሉም መምህራን ስብሰባ ላይ እንዲህ ያለ ችግር ያለበት መምህር እስከ ዓርብ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ጠየቅሁ፤ 4 ሰዎች አመለከቱ፣ ድልድሉንም ለአምስቱም አስተካከልን። መዝገቡ ከዚያ ቀን ጀምሮ በ2፡15 ለሁላችንም ይዘጋል። ወጣቱ ወንድሜ፣ አስተያየትህ ረድቶኛል።

8ኛ ሀን ለባልደረባዬ በደብዳቤ አስረክቤያለሁ። የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ ሳስተምር ምንም እንዳልተለወጠ ሆኜ ለመጨረስ አስቤ ነበር፤ አልቻልኩም፤ ተማሪዎቹም ገብቷቸዋል። 8ኛ ለን በ1ኛው ክፍለ ጊዜ አስተምራለሁ። የወላጆች ስብሰባም ታኅሣሥ 26 ተጠርቷል። ምደባውን በተመለከተ ለጻፍኩት ደብዳቤ መልስ ገና አልደረሰኝም።

ቆጠራው 3 ቀን ፈጀ። ጋሼ፣ እንዳሉት በሞዴል 19 ገቢ ያልተደረጉ 86 መጻሕፍት አገኘን፤ በመዝገብ ኖረው በአካል ያልተገኙት 2 የቤተ ሙከራ ማይክሮስኮፖች ደግሞ እንደ ጎደሉ ተመዝግበዋል። ከ5ቱ ቁልፎች ሁለቱ የአሮጌ ቁም ሣጥኖች ሆነው ተገኙ። የቀሩት 3፣ ቀይ ክር ያለባት ጭምር፣ በቃለ ጉባኤው 4ኛ ገጽ ላይ «በራቸው ያልታወቀ» ተብለው ሰፍረዋል፤ በፖስታ ታሽገው በካዝናው ውስጥ ተቀምጠዋል፣ ፖስታው ላይም ሦስታችን ፈርመናል።