የጨጓራ ባክቴሪያ መድኃኒት ከጨረሰች በኋላ ቃር የጀመራት እናቴ

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም)፦ ጤና ይስጥልኝ። እናቴ 58 ዓመቷ ነው። በሰገራ ምርመራ ኤች ፓይሎሪ የሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያ ተገኘባትና አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞልን ከሁለት አንቲባዮቲኮች፣ ከአሞክሳሲሊንና ከክላሪትሮማይሲን ጋር 14 ቀን ሳታቋርጥ ወሰደች። ሌሊት ይቀሰቅሳት የነበረው የጨጓራ ሕመም ለቀቃት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ግን ጋደም ስትል ኮምጣጣ ውኃ ጉሮሮዋ ድረስ ይወጣባት፣ ደረቷን ያቃጥላት ጀመር። ሦስት ትራስ ደራርባ ነው የምታነጋው። ተልባ በጥብጬ ስሰጣት ለጊዜው እንጂ አይለቃትም። ጎረቤቶች «መድኃኒቱ ነው ያመጣብሽ፣ ባይነካ ይሻል ነበር» ይሏታል። መድኃኒት ቤት ደግሞ «አልጠፋም ማለት ነው» ብለው ያንኑ እንደገና ሸጡልኝ። ላስጀምራት?

መልስ (ነርስ፣ ደብረ ማርቆስ)፦ እባክህ ወንድሜ፣ አታስጀምራት። ቃር ስላለ ብቻ ባክቴሪያው አልጠፋም አይባልም። አንቲባዮቲኩን ከጨረሰች 4 ሳምንት፣ ኦሜፕራዞሉን ካቆመች 2 ሳምንት ሲሞላ ሰገራዋ እንደገና ይታይ። በደም እንመርምር ካሉህ እሺ አትበል፤ ባክቴሪያው ከጠፋም በኋላ የደሙ ውጤት ለወራት «አለ» ሊል ይችላል።

መልስ (ጤና መኮንን፣ ቡሬ)፦ የጎረቤቶቹ ወሬ ከምንም አልተነሣም። ባክቴሪያው የጨጓራውን የላይኛውን ክፍል ለዓመታት ሲያቆስል አሲድ የማመንጨት አቅሙ ይዳከማል። ሲታከም አሲዱ ይመለሳል፤ የጨጓራው አፍ የላላበት ሰው ያኔ ቃር ሊሰማው ይችላል። ቁስሉ ከታች በኩል ከነበረ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው፣ አሲዱ ይቀንሳል። ኦሜፕራዞል በድንገት ሲቆምም አሲድ ለጊዜው ያገረሻል። ቃርን ፈርቶ ባክቴሪያውን መተው ግን ፈጽሞ አይገባም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ1994 እ.ኤ.አ. ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። ቃር በራሱ መድኃኒት ይታከማል።

መልስ (ከሞጣ)፦ ትራሱን ተወው፣ ሆድን ያጥፋል። እኔ ከአልጋው ራስጌ እግሮች ሥር አንድ ስንዝር የሚሆን ጉማጅ እንጨት አስገብቼ ነው እንቅልፍ ያገኘሁት። እራት ስንት ሰዓት ትበላለች?

ጠያቂው፦ ሦስት ሰዓት ላይ ሽሮ በልታ ወዲያው ትተኛለች። በጾም ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይታ በባዶ ሆድ ቡና ትጠጣለች።

መልስ (ከሞጣ)፦ እንግዲያው እራቱን አሥራ ሁለት ሰዓት አድርጉት። ቡናው ከእህል በኋላ ይሁን።

መልስ (ነርስ፣ ደብረ ማርቆስ)፦ አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ እህል ሲወርድ ይይዛታል? ከስታለች? ሰገራዋ እንደ ሬንጅ ጠቁሯል? አንዱ እንኳ ካለ የሰገራውን ቀን ሳትጠብቅ ሐኪም ጋ ውሰዳት፤ በዕድሜዋ ኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ጨጓራን ማየት) ያስፈልጋታል።

ጠያቂው፦ አልከሳችም፣ ሰገራዋም ደህና ነው። መዋጥ ግን «እንጀራው ደረቴ ላይ ቆም ይላል» ብላኝ ነበር፣ ልብ አላልኩትም። ነገ በጠዋት ይዣት እሄዳለሁ።