ዋስትናው ያለቀ፣ ችግሩ ግን የታወቀ ቲቪ፤ ጥገናው ከማን ኪስ ይውጣ?

ጥያቄ አቅራቢዋ፣ አራት ኪሎ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ይሄ ነገር ብዙ ቤት የገባ ስለሆነ በደንብ እንድንከራከርበት እፈልጋለሁ። ሜክሲኮ አካባቢ ካለ ሱቅ 43 ኢንች ቲቪ ገዛን። የአንድ ዓመት ዋስትና ነበረው። ዋስትናው ባለቀ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ ማታ ዜና እያየን ስክሪኑ ድርግም አለ። ድምፁ ግን አለ። ሪሞቱም ይሠራል፣ ቻናል ስቀይር ድምፁ ይቀየራል። የስልኬን መብራት አብርቼ ወደ ስክሪኑ ሳስጠጋው ዜና አንባቢዋ በደብዛዛው ትታያለች።

ጠጋኝ ጋ ስደውል የጠየቀኝ ሞዴሉን ብቻ ነው። ቲቪውን ሳያየው «ባክላይቱ ነው፣ የዚህ ሞዴል በሽታ ነው» አለኝ፤ ከስክሪኑ ጀርባ የሚያበራው መብራት ማለቱ ነው። ከኛ በላይ ያለችው ጎረቤቴም ያው ሞዴል፣ ያው ችግር። ሱቁ «ዋራንቲው አልፏል፣ እኛን አይመለከትም» አለ። የወኪሉ ሰርቪስ ደግሞ ሙሉ ፓኔሉ፣ ማለትም ስክሪኑ በሙሉ፣ ካልተቀየረ ብሎ ከአዲስ ቲቪ ብዙም የማይተናነስ ዋጋ ጠራ።

የኔ አቋም ይሄ ነው። ጠጋኝ በስልክ የሚያውቀውን ችግር አምራቹ አያውቀውም ብሎ ማንም አያሳምነኝም። እያወቀ ለሸጠው ጉድለት፣ ዋስትናው አለቀም አላለቀም፣ በራሱ ወጪ መጠገን አለበት። የማትስማሙ ምክንያታችሁን አምጡ።

ኤሌክትሮኒክስ ነጋዴ፣ መርካቶ፦
እህቴ፣ ንዴትሽ ይገባኛል። ግን አልስማማም። ዋስትና ማለት የጊዜ ውል ነው። አንድ ዓመት ተባለ፣ አንድ ዓመት ሆነ። ዓመት ካለፈ በኋላ ለሚበላሽ ሁሉ ነጋዴው ተጠያቂ ከሆነ ዋስትና መጻፉ ለምን አስፈለገ? ደግሞ የኛን አገር መብራት አትርሺ። በቀን ስንቴ ሄዶ ስንቴ ይመጣል? ሲመለስ እንዴት ባለ ኃይል እንደሚመለስ ሁላችንም እናውቃለን። ስታብላይዘር የሌለው ሰው ቲቪ ሲቃጠልበት ፋብሪካውን ይወቅሳል።

ጡረተኛ፣ ካሳንቺስ ይኖር የነበረ፦
ነጋዴው እውነቱን ነው። መጀመሪያ ስታብላይዘር ግዙ። ሁሉን ነገር በአንድ ዲቫይደር ላይ ሰክቶ ፋብሪካ መክሰስ አይሆንም።

ጠጋኝ፣ ድሮ ፒያሳ፦
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እዚህ ላይ እኔ ልናገር። ፒያሳ ነበርን፤ በ2016 የኮሪደር ልማቱ ሲመጣ ተነስተን ሌላ ቦታ እየሠራን ነው። በየቀኑ የምከፍተው ይሄንኑ ነው።

ኤልሲዲ ስክሪን የራሱ ብርሃን የለውም። ከጀርባው ትናንሽ የኤልኢዲ አምፖሎች በቀጭን አሉሚኒየም ላይ ተደርድረው ያበሩለታል። እኛ ስትሪፕ እንለዋለን። አምፖሎቹ በተከታታይ ስለታሰሩ አንዷ ስትቃጠል መስመሩ ይቋረጣል። ቦርዱም ችግር አለ ብሎ ቀሪውን ያጠፋዋል። ድምፅ ኖሮ ምስል የሚጠፋው ለዚህ ነው።

ለምን ትቃጠላለች? ፋብሪካው የአምፖሎቹን ቁጥር ይቀንሳል። ያው ብርሃን እንዲገኝ ደግሞ በቀሩት ላይ ካረንቱን፣ ማለትም የሚያልፍባቸውን የኤሌክትሪክ መጠን፣ ይጨምራል። ቲቪው ከካርቶን ሲወጣም ብሩህነቱ ጣሪያ ነክቶ ነው፣ ሱቅ ውስጥ ደምቆ እንዲታይ። ሙቀቱ ቀስ በቀስ ይጨርሳቸዋል። ስከፍተው የተቃጠለችውን ሳልፈትሽ በዓይኔ አገኛታለሁ። ቢጫው ፊቷ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታክል ጥቁር ነጥብ አለች፣ ዙሪያዋ ያለው ነጭ ወረቀት ቡናማ ሆኗል። አንዳንዴ የፕላስቲክ ሌንሷ ሙጫው ለቆ ታች ወድቃ አገኛታለሁ። ቲቪያችሁ ላይ ክብ ነጭ ነጥብ ካያችሁ ይቺ ናት።

አሁን ወደ መብራቱ። ኃይለኛ መብራት መትቶት የሚመጣ ቲቪ ሌላ ምልክት አለው። ፊውዙ ሄዷል፣ ፓወር ቦርዱ ላይ የጠቆረ ወይም የፈነዳ ነገር አለ። ቲቪው ጭራሽ አይነሳም፣ ቀይዋ መብራት እንኳ አትበራም። ባክላይቱን የሚመግበው ክፍል ካረንቱን ራሱ መጥኖ ነው የሚሰጠው። ድምፁ እየሠራ፣ ፓወር ቦርዱ ጤነኛ ሆኖ፣ በአንድ ሞዴል ላይ እዚያው ቦታ ያለች አምፖል ደጋግማ ከተቃጠለች፣ ይሄን መብራት ኃይል ላይ ማላከክ ትክክል አይደለም።

ነጋዴው፣ መርካቶ፦
ወንድሜ፣ ሙያህን አከብራለሁ። ግን አንተ የምታየው የተበላሸውን ብቻ ነው። የማይበላሸው አንተ ጋ አይመጣም። ከሸጥኩት ሞዴል ምን ያህሉ ደህና እየሠራ እንደሆነ በምን ታውቃለህ? «የታወቀ ችግር» ለማለት ቁጥር ያስፈልጋል።

መሐንዲስ፣ 5 ኪሎ፦
ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው። ቁጥሩ ያለው ግን አምራቹ ጋ ነው። በዋስትና ጊዜ የተጠገነውን እያንዳንዱን ቲቪ ይመዘግባል። የትኛው መለዋወጫ ስንት እንደተጠየቀ ያውቃል። እኛ ከውጭ የምናየው ጭላንጭሉን ነው። ስለዚህ «ቁጥር አምጡ» የሚለው ጥያቄ መሄድ ያለበት ወደ እሱ ነው።

ደግሞ ከዋስትና ውጭ መጠገን ያልተሰማ ነገር አይደለም። በአውሮፓውያን 2011 ሶኒ ከ2007 ጀምሮ ከሸጣቸው የብራቪያ ቲቪዎች 1.6 ሚሊዮን ያህሉን በነፃ ለመመርመርና ለመጠገን ጠርቷል፤ ውስጣቸው ያለ አንድ ክፍል ግሎ የላይኛውን ፕላስቲክ ሊያቀልጥ ስለሚችል። ብዙዎቹ ዋስትናቸው አልፎ ነበር። ሳምሰንግ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ባበጡ ካፓሲተሮች (ቦርዱ ላይ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ክፍሎች) ምክንያት አልነሳ ባሉ ቲቪዎች ተከሶ፣ በ2012 ለመጠገንና ቀድመው ከኪሳቸው ላስጠገኑትም ወጪያቸውን ለመመለስ ተስማምቷል። ልብ በሉ፣ የመጀመሪያው ኩባንያው ራሱ የጠራው ነው፤ ደህንነት ስላለበት። ሁለተኛው ሰዎች ተሰባስበው ስለከሰሱ የመጣ ነው። ለየብቻው ሱቅ ለሱቅ የሚዞር ሰው እዚህ አይደርስም።

አስመጪ፣ ቦሌ መንገድ፦
እኔ ከሌላ በኩል ልምጣ። «አምራቹ ይጠግን» ስትሉ አምራቹ አዲስ አበባ የለም። ያለሁት እኔ ነኝ። በተግባር «አስመጪው ይጠግን» ማለታችሁ ነው። እኔ ስትሪፑን አልሠራሁም፣ ካረንቱን ከፍ አላደረግሁም። መለዋወጫ የማመጣው በዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በአጭር ጊዜ 100 ብር አልፏል። በዚያ ዋጋ ነፃ ጥገና ከጨመርኩ ቲቪው ላይ ልደርበው ነው። የሚከፍለው ሌላው ገዢ ነው ማለት ነው። ግማሹ ቲቪ ደግሞ ከዱባይ በግለሰብ የገባ ነው። የኔን ምርት ያልገዛ ሰው ለምን እኔ ጋ ይመጣል?

ጥያቄ አቅራቢዋ፦
በዱባዩ ዕቃ ላይ እስማማለሁ፣ እሱ አንተን አይመለከትም። የኔ ግን ከወኪል የተገዛ ነው፤ ደረሰኝ አለኝ። «ሌላው ገዢ ይከፍላል» ላልከው፣ አሁን ማን እየከፈለ ነው? እኔ። ጎረቤቴ። ጥፋቱ የሌለበት ሰው ብቻውን ከሚሸከመው፣ ሞዴሉን ነድፎ ያተረፈበት ቢሸከመው አይሻልም? አንተም የከፈልከውን ከፋብሪካው የምትጠይቅበት ውል አለህ። እኔ ከፋብሪካው ጋ ምንም ውል የለኝም።

ሕግ የተማረ፣ ልደታ አካባቢ፦
ስለ ሕጉ ትንሽ ልበል፤ ምክንያቱም ሁለቱም ወገን ግማሹን ነው የያዘው።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይላል። 15 ቀን በዓመቱ ለሚወጣ የባክላይት ችግር ምንም አይጠቅምም። እዚህ ላይ ነጋዴው ትክክል ነው፤ ሕጋችን የተደበቀና ዘግይቶ የሚወጣ ጉድለትን በሚገባ አላሰበውም። ግን ያው አዋጅ ጉዳት ለደረሰበት ሸማች አምራቹን፣ አስመጪውን፣ ጅምላ ሻጩንና ቸርቻሪውን በተናጠል ወይም በአንድነት የመጠየቅ በር ይከፍታል። ስለዚህ አስመጪው «እኔ አልሠራሁትም» ማለቱ ብቻውን ነፃ አያወጣውም።

ሁለተኛው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ ነው። ገዢም ዕቃውን መመርመርና ጉድለት ሲያገኝ ሳይውል ሳያድር ማሳወቅ አለበት። ዋናው ነጥብ ግን ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ በተንኮል ከደበቀ፣ ዋስትናውን የሚያጠብበው የውል ቃል አይጠቅመውም። ክርክሩ ያለው «ያውቅ ነበር» የሚለውን ማስረዳቱ ላይ ነው። መሐንዲሱ እንዳለው መዝገቡ እነሱ ጋ ስለሆነ ብቻውን የሚሄድ ሰው ይቸገራል። ስለዚህ ችግሩን ባያችሁበት ቀን በጽሑፍ አሳውቁ። በስልክ አታውሩ። ደብዳቤውን አስገብታችሁ ኮፒው ላይ ማኅተም ወይም ፊርማ ተቀበሉ።

ጡረተኛው፦
ልጄ፣ ፍርድ ቤት ለቲቪ? ጠበቃው ከቲቪው ይበልጣል።

ሕግ የተማረው፦
እውነት ነው ጋሼ። ለዚህ ነው ፍርድ ቤት የመጀመሪያ በር መሆን የሌለበት። አቤቱታ ለንግድ ቢሮ ወይም ለንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ማቅረብ ይቻላል። የድሮው የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን ሥራ ወደ ሚኒስቴሩ ሄዷል። አንድ ሰው ሲጽፍ አንድ ፋይል ነው። የአንድ ሞዴል ብዙ ባለቤቶች አብረው ሲጽፉ ግን ወኪሉ ራሱ ወደ ፋብሪካው መደወል ይጀምራል።

ጠጋኝ፦
እኔን ከነፃ ጥገናው በላይ የሚያናድደኝ መለዋወጫው ነው። ሰርቪሱ «ፓኔል ይቀየር» የሚለው ስትሪፑን ለብቻው ስለማያስመጣ ነው። የሚበላሸው ስትሪፑ ሆኖ ሳለ ደንበኛው የሙሉ ፓኔል ዋጋ ይጠየቃል። ስለዚህ እኛ ገበያ የተገኘውን ስትሪፕ እናስገባለን። ቮልቴጁ ካልገጠመ ወይም አሉሚኒየሙ ቀጭን ከሆነ ዓመት ሳይሞላ ይመለሳል፣ ደንበኛው ደግሞ እኔን ይሰድበኛል። እኔ ስሠራ ሁሉንም ስትሪፕ እቀይራለሁ፣ ቦርዱ ላይም ካረንቱን ዝቅ አደርጋለሁ። ትንሽ ይደበዝዛል፣ ግን ይቆያል። ፋብሪካው ከመጀመሪያውኑ ይሄን ማድረግ ይችል ነበር።

ሌላ ነገር። ቤት ውስጥ ራሳችሁ አትክፈቱት። ስትሪፑ ጋ ለመድረስ መስታወቱን ማንሳት ግድ ነው። ጫፉ ላይ ያሉት ስስ ፊልሞች ትንሽ ከታጠፉ ስክሪኑ ላይ መስመር ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ማንም አያድነውም።

መሐንዲስ፣ 5 ኪሎ፦
እዚህ ላይ የአውሮፓ ኅብረትን አሠራር መጥቀስ ይጠቅማል። ከመጋቢት 2021 ጀምሮ፣ በነሱ አቆጣጠር፣ ቲቪ አምራቾች የሞዴሉ የመጨረሻ ምርት ገበያ ከወጣ በኋላ ቢያንስ ለ7 ዓመት እንደ ፓወር ሰፕላይና ትላልቅ ካፓሲተሮች ያሉ መለዋወጫዎችን እንዲያቀርቡ ይገደዳሉ። ነፃ ጥገና አይደለም፣ መለዋወጫውን ማቅረብ ነው። እኛ አገርም ለሽያጭ ፈቃድ ሲሰጥ ይሄን ማስገደድ ይቻላል። ከነፃ ጥገና ይልቅ ይሄ ቶሎ የሚሳካ ይመስለኛል።

ጥያቄ አቅራቢዋ፦
መለዋወጫው ይምጣ፣ አልቃወምም። ግን በመለዋወጫው ጀርባ ዋናው ጥያቄ እንዲጠፋ አልፈልግም። ተራ እርጅና ከሆነ እኔ ልክፈል። የሚታወቅ የሞዴል ጉድለት ከሆነ ግን ቢያንስ ስትሪፑን ኩባንያው በነፃ ይስጥ፣ የእጅ ዋጋውን እኔ ልቻል። ይሄ እንኳ ይበዛል?

አስመጪ፣ ቦሌ መንገድ፦
ይሄኛው የሚያነጋግር ነው። ስትሪፕ ከፓኔል ጋ ሲተያይ ርካሽ ነው። ነገር ግን ለፋብሪካ «ደንበኛ ተናደደ» ብዬ ብጽፍ መልስ አላገኝም። የሚጠይቁኝ ሞዴል፣ ሲሪያል ቁጥር፣ የግዢ ቀን፣ የችግሩ ፎቶ ነው። ይሄን ይዞ የሚመጣ ሰው ካለ እኔ በበኩሌ የራሴን ምርት በተመለከተ ለፋብሪካው እልካለሁ። ነፃ ይሆናል ብዬ ግን ቃል አልገባም።

ነጋዴው፣ መርካቶ፦
እኔ አሁንም ዋስትና ውል ነው እላለሁ። ሁለት ዓመት ዋስትና የሚፈልግ ሁለት ዓመት ያለውን ይግዛ፣ ይክፈልበት። ግን ስትሪፑ ይሰጥ የሚለው አያጣላንም። ደረሰኝ የሌለው ሰው ግን እንዳይመጣ። ቫት ላለመክፈል ያለ ደረሰኝ ገዝቶ በኋላ መብቴ የሚለው ነው እኛን የሚያስቸግረን።

ሕግ የተማረው፦
ያለ ደረሰኝ የሸጠውስ ነጋዴ? ደረሰኝ መስጠት የሻጩ ግዴታ ነው። እሱንም አብረን እናንሳው።

ጥያቄ አቅራቢዋ፦
በሱ ላይ ሌላ ጊዜ እንሟገታለን። አሁን ያው ሞዴል ያላችሁ የአራት ኪሎ፣ የፒያሳና የካሳንቺስ ሰዎች ከቲቪው ጀርባ ያለውን ነጭ ስቲከር ፎቶ አንሱ፤ ሞዴሉና ሲሪያሉ እሱ ላይ ነው። የደረሰኙን ኮፒና የተበላሸበትን ቀን ጨምሩበት። ያስጠገናችሁ ደግሞ የወጣውን ስትሪፕ ከጠጋኙ ተቀበሉ፣ አትጣሉት። ደብዳቤውን እኔ እጽፈዋለሁ። ስማችሁን የምታስገቡት አንብባችሁ ከተስማማችሁ ብቻ ነው።